መቶ ስም የተጻፈበት ደብተር

የእህቴ ልጅ ባለፈው ክረምት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ስታዲየም ይምጡልኝ። የሥራ ጉዳይ ነው፤ በስልክ አይነገርም» አለችኝ። ልጅቷ በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ያጣች ናት። የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ቆማ ያልጻፈችው ስልክ ቁጥር የለም። ሥራ አገኘች ብዬ ደስ እያለኝ ሄድኩ።

የተጠራሁበት አዳራሽ ስታዲየሙ አጠገብ ባለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ስልሳ ያህል ሰው ተቀምጧል፤ አብዛኛው ገና ለጋ ወጣት ነው። ሙሉ ልብስ የለበሰ ልጅ መድረክ ላይ ወጣና «ደመወዙ ወር የሚያደርሰው ሰው እጁን ያውጣ» አለ። አንድም እጅ አልወጣም። የእኔም አልወጣም። ወደዚህ ዓይነት ስብሰባ የሚሄዱትን ወጣቶች ስግብግብ የሚሏቸው ሰዎች ያን ዝምታ ቢሰሙት ኖሮ ቃላቸውን ይመልሱ ነበር። አዳራሹን የሞላው የቤት ኪራይና የዘይት ዋጋ ነው፤ ዲግሪ ይዞ እናት ቤት መዋል የሚያመጣው መሸማቀቅ ነው።

ቀጥሎ ሰሌዳው ላይ ክብ ተሣለ። ክቡ አንተ ነህ ተባለ። ከሥሩ አምስት፣ ከነሱም ሥር አምስት አምስት ክቦች ተሣሉ። አባል ለመሆን ሻይና እንክብል ያለበት ፓኬጅ መግዛት ግድ ነው። ከዚያ በኋላ አምስት ሰው ማምጣት ብቻ ይበቃል፤ ቀሪውን እነሱ ይሠሩታል ተባለ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሂሳቡን በእርሳስ ሠራሁት። አምስቱ 25 ይሆናሉ፤ 25ቱ 125። ሰባተኛው መስመር ላይ 78,125 ሰው ይፈለጋል፤ ከአዳራሹ አጠገብ ያለውን የአዲስ አበባ ስታዲየም ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሞላ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛው መስመር 244,140,625 ይላል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ቢገባ አይበቃውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰንሰለቱ የትም ቦታ ላይ ቢቆም ከመቶው ሰማንያ ያህሉ መጨረሻው መስመር ላይ መሆናቸው ነው። ከሥራቸው ማንም የለም። ሁሉም ሐቀኛ ቢሆን፣ ሁሉም ሌት ተቀን ቢተጋ፣ ሰማንያው ከፍሎ ይቀራል። መድረክ ላይ የወጣው ልጅ «ያልተሳካለት ያልሠራ ብቻ ነው» ይል ነበር። ይህን አባባል እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ሰው ገንዘቡን ካጣ በኋላ ስንፍናውን እንዲወቅስ ያደርጋልና።

ያን ቀን ተሰብሳቢዎቹ ከመበተናቸው በፊት የቤት ሥራ ተሰጣቸው፦ የምታውቁትን መቶ ሰው ስም ጻፉ።

የእህቴን ልጅ ደብተር አየሁት። ኮሌጅ የተማረችበት ባለ ሰማያዊ ሽፋን ደብተር ነው፤ ከፊት ባሉት ገጾች የዴቢትና የክሬዲት መልመጃ አለ። አንደኛ፣ እናቷ። ሁለተኛ፣ እኔ። ሦስተኛ፣ የቤቱ የንስሐ አባት። ከዚያ የእድሩ ጸሐፊ፣ ጎረቤት እንጀራ የምትሸጠው ሴት፣ የክፍል ጓደኞቿ በሙሉ። ሠላሳኛው ቁጥር ገደማ ላይ የሟች አባቷ የሥራ ባልደረባ አለ፤ በለቅሶው ጊዜ ዝናብ እየመታው ድንኳን ሲተክል ያደረ ሰው ነው። በየስሙ ትይዩ «ይችላል»፣ «ይጠየቅ» ተብሎ ተጽፏል። ያ ሰው «ይችላል» ተብሏል።

እናቷ የእቁብ ዕጣዋን አውጥታ ለፓኬጁ ሰጠቻት። እንጀራ ሻጯም ገባች። ሦስተኛ ሰው አልተገኘም። ከአራት ወር በኋላ የፓኬጁ ካርቶን ከነሻዩና ከነእንክብል ጠርሙሱ አልጋ ሥር ገባ። እንጀራ ሻጯ ገንዘቤን አምጪ ብላ አላፋጠጠቻትም፤ በነሱ ደጅ ማለፍ ብቻ ተወች። ልጅቷም አሁን እንጀራ የምትገዛው ሌላ ሰፈር ሄዳ ነው።

ይህን ስናገር «እቁብስ በሰው በሰው አይደል የሚገባበት?» የሚለኝ አይጠፋም። እቁብ ሌላ ነው። ሃያ ሰው በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥል የመጀመሪያው ባለ ዕጣ 20,000 ይወስዳል፤ የመጨረሻውም 20,000 ይወስዳል። የመጨረሻው ሰው ድርሻውን ለማግኘት ሃያ አንደኛ ሰው ማምጣት አይጠበቅበትም። ገንዘቡ የሚዞረው ዳኛና ጸሐፊ ባለበት፣ በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል ነው። በሰንሰለቱ ግን ፊተኛው የሚበላው የኋለኛውን ነው።

ሕጉም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ዕቃ በመግዛቱ ወይም ገንዘብ በማዋጣቱ፣ በተጨማሪም በእሱ አማካይነት በሚገቡት ሌሎች ሰዎች ብዛት ሽልማት ያገኛል እየተባለ የሚካሄድን የፒራሚድ ሽያጭ ከልክሏል። ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 685/2002ም እንዲሁ። ስንቱ ወጣት ይህን ያውቃል? አዳራሹ ውስጥ ማንም አላነሳውም።

ታዲያ በሰው በሰው እየሸጠ በሐቅ የሠራ የለም ወይ? አለ። ቀጥታ ሽያጭ፣ ማለትም ሻጩ ራሱ ዕቃውን ለሸማቹ የሚያደርስበት ሽያጭ፣ የቆየ ንግድ ነው። ልዩነቱን አጥርቶ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1979 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በአምዌይ ጉዳይ የሰጠው ውሳኔ ይመስለኛል። ኩባንያው ፒራሚድ አይደለም የተባለው በደንቦቹ ምክንያት ነበር፦ ሻጩ በየወሩ ከገዛው ዕቃ ቢያንስ 70 በመቶውን መሸጥ፣ ቢያንስ ለአሥር ደንበኞች በችርቻሮ መሸጥ አለበት፤ ያልተሸጠ ዕቃም ተመልሶ ይገዛለታል። ቁም ነገሩ ያለው ዕቃው ከአባላቱ ውጭ ላለ ሰው መድረሱ ላይ ነው። ይኸው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2016 ኸርባላይፍ የተባለውን ኩባንያ 200 ሚሊዮን ዶላር ሲያስከፍል የሻጮቹ ክፍያ ለእውነተኛ ደንበኛ ከተሸጠ ዕቃ ጋር እንዲያያዝ አስገድዷል።

ቅባትና ሳሙና በዚህ መንገድ እየሸጠች ልጆች ያሳደገች ሴት አውቃለሁ። ከሥሯ ያስገባችው ሰው ቢበዛ ሁለት ነው። ደንበኞቿ ግን ቅባቱ ሲያልቅባቸው ራሳቸው ይደውሉላታል። ማን ምን እንደሚስማማው ታውቃለች፤ አልስማማ ያለውን ትመልሳለች። ነጋዴ ናት።

ከዚያ አዳራሽ ወርጄ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ሱቅ በደረቴ አጠገቤ ቆመ። ማስቲካ፣ ሶፍት፣ ቆሎ ይዟል። ሶፍት ገዛሁት። ስሜን አልጠየቀኝም፤ አንተም ደረትህ ላይ ሰሌዳ አንጠልጥልና ከሥሬ ግባ አላለኝም። ሶፍቱ አስፈልጎኝ ነበር፤ ከፈልኩት፤ ሄደ። ፎቁ ላይ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያልተነገረኝን ንግድ ያ ልጅ በግማሽ ደቂቃ አሳየኝ።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቅዳሜ ብትጠሩ ሂዱ፤ መስማት አይከፋም። ገንዘብ ግን ይዛችሁ አትሂዱ። የንግድ ፈቃዱን አሳዩን በሉ፤ ትክክለኛነቱንም ንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሄዳችሁ ጠይቁ። የሚበላ ወይም የሚዋጥ ነገር ከሆነ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መዝግቦት እንደሆነ አጣሩ። ያልተሸጠውን ትመልሱልናላችሁ ወይ? ሰው ባናስገባ፣ ዕቃውን ብቻ ብንሸጥ ስንት እናገኛለን? መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። «ዛሬ ካልተመዘገባችሁ ዕድሉ ያመልጣል» የሚላችሁ ካለ ያንጊዜውኑ ተነሱ።

ቆርጣችሁ ከገባችሁም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዕቃውን ለማያውቃችሁ አሥር ሰው ሳትሸጡ የእናታችሁን ስም ደብተሩ ላይ አትጻፉ።