በ«ዙሪያ» የታጠረ አማርኛ

«በሰላም ዙሪያ ውይይት ተካሄደ»፤ «በሙስና ዙሪያ ሥልጠና ተሰጠ»፤ «በሥነ ግጥም ዙሪያ ጥናት ቀረበ»። ውድ አንባቢ፣ ይህ በግእዝ ፊደል የተጻፈ እንግሊዝኛ ነው። «አራውንድ» እና «ሰራውንዲንግ» ተተርጉመው ሲገቡ፣ «ስለ» የምትባለው ትንሽ ቃል ከቤቷ ወጣች። ለመሆኑ «ስለ ሰላም ተወያዩ» ማለት ምን ነውር አለበት?

ዙሪያን አልጠላትም፤ የራሷ ስፍራ አላት። ጎንደር ዙሪያ፣ ደሴ ዙሪያ ስንል በከተማዪቱ ዳርቻ ያለውን አገር ማለታችን ነው። ክቡን ቤተ ክርስቲያናችንንም ተመልከቱ፤ ቅኔ ማኅሌቱ ቅድስቱን ይዞረዋል፣ ቅድስቱም መቅደሱን። ቅኔ ማኅሌት የቆመ ሰው ግን «መቅደስ ገብቻለሁ» አይልም። በሰላም ዙሪያ የተወያየስ ስለ ሰላም ተናግሬአለሁ ማለት ይችላል?

አማርኛ ዙሪያን የሚገልጽበት ቃል አጥቶም አይደለም። ሙሽራ በሚዜዎቹ ይታጀባል፤ ምሽግ በጠላት ይከበባል፤ ግቢ በግንብ ይታጠራል፤ ሕፃን በእናቱ ክንድ ይታቀፋል። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ግሥ ቢበቃው መብቱ ነው። እኛ ግን «ሙሽራው በሚዜዎቹ ተከቦ ገባ» ብለን ስንጽፍ፣ ምስኪኑ ሊያገባ ሳይሆን ተማርኮ የመጣ ይመስላል።

«ቋንቋ በመዋስ ያድጋል» የሚሉኝ ይኖራሉ። እውነት ነው። እኔም የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ «ባንክ»ም «ቼክ»ም የውሰት ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ነገሩን ይዘው መጥተዋል። «ዙሪያ» ያመጣችልን ነገር ቢኖር መሸፈኛ ነው። በምሠራበት መስኮት ላይ «በአገልግሎት ክፍያ ዙሪያ ማሻሻያ ተደርጓል» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር። አንድ አባት ደጋግመው አነበቡና «ልጄ፣ ጨመራችሁ ወይስ ቀነሳችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ክፍያው ጨምሮ ነበር። «ጨምረናል» የሚለው ግሥ ባለቤት አለው፤ ተጠያቂ አለው። «ዙሪያ» ግን ባለቤትም ተጠያቂም የላትም።

ነገሩ ከሰዋስው ያልፋል የምለው ስለዚህ ነው። ስለ ሙስና የሚናገር ሰው ማን ወሰደ፣ ስንት ወሰደ ማለት ይገባዋል። በሙስና ዙሪያ የሚናገር ግን ዞሮ ዞሮ ሻይ ጠጥቶ ይበተናል። እኛ ብዕር የያዝን እንኳ «ስለ»ን ወደ ቤቷ እንመልሳት።

ቸር ይግጠመን።