እንደገና ልፈተን ወይስ ይብቃኝ?

በውጭ አገር የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ ለመማር የሚያመለክቱ ወጣቶቻችን ብዙ ጊዜ ጂማት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ይፈተናሉ። ውጤቱ ካሰቡት ዝቅ ሲል ቤት ውስጥ ክርክር ይነሳል። አባት «ዶላሩ ከየት ይመጣል?» ይላሉ፤ እናት «ልጄ ደክሟታል» ይላሉ፤ ልጅቷ ደግሞ የጓደኛዋን ውጤት ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች።

እኛ የምንለው፣ ከመወሰናችሁ በፊት የውጤት ወረቀቱን በደንብ አንብቡ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ወዲህ የሚሰጠው አዲሱ ጂማት ሦስት ክፍሎች አሉት፤ ሒሳብ፣ ንባብና አመክንዮ፣ የመረጃ ትንተና። እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ይወስዳል። ጠቅላላ ውጤቱ ከ205 እስከ 805 ነው። የቀድሞው ከ200 እስከ 800 ስለነበር ብዙዎች አንድ ይመስላቸዋል። አይደለም! በአዲሱ 645 ማምጣት በቀድሞው 640 ከማምጣት እጅግ የተሻለ ደረጃ ነው። ታላቅ ወንድም የዛሬ ስድስት ዓመት ያመጣውን ቁጥር እየጠቀሰ እህቱን ሲያሸማቅቅ፣ የማያስፈልግ ክፍያ እንድትከፍል እየገፋት ነው።

ሁለቱ ክፍሎች ጥሩ ሆነው አንዱ ብቻ ሰዓት በማለቁ ከወደቀ፣ መድኃኒቱ የታወቀ ነውና እንደገና መፈተን ያዋጣል። ሦስቱም ግን ቤት ከሠራችሁት የመለማመጃ ፈተና ጋር እኩል ከሆኑ፣ ያለ አዲስ ጥናት ተመልሶ መቀመጥ ምን ይለውጣል? ደንቡ ከ16 ቀን በኋላ፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ አምስት ጊዜ ይፈቅዳል፤ ግን በ16 ቀን የሒሳብ መሠረት አይጣልም። የ10 ወይም የ20 ነጥብ ልዩነት ደግሞ ዕውቀት ሳይጨምር ወይም ሳይቀንስ ሊመጣ ይችላል።

«ሁለተኛው ቢብስስ?» የሚለው ስጋት ግን ይቅር። ለትምህርት ቤቱ የሚላከውን ውጤት የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፤ ውጤቱም ለአምስት ዓመት ያገለግላል። ይልቅ የምታመለክቱበት ትምህርት ቤት የተቀበላቸውን ተማሪዎች አማካይ ውጤት ተመልከቱ። አንዳንዶቹ ጂአርኢን ይቀበላሉ፤ ፈተናውን ጭራሽ የማይጠይቁም አሉ።

ኢስቲኻራ መስገድ መልካም ነው፤ ወረቀቱን ሳያነቡ መስገድ ግን ምክንያትን መዝለል ይመስለናል። ክፍያውን የሚችሉት አባት ከሆኑ አብራችሁ ቁጭ በሉ፤ መጀመሪያ የምታሳዩዋቸውም ጠቅላላውን ቁጥር ሳይሆን ሦስቱን ክፍሎች ይሁን።