ያጎረሳችሁትን ንገሩኝ



ባለፈው እሑድ ቡና ላይ የእኔ ልጅ ወሬ ተነሥቶ ነበር አሉ። «አቅብጣ አሳድጋው ሰው ያጎረሰውን አልበላም አሰኘችው» ተብያለሁ። አልተቀየምኩም። ነገሩን የማያውቅ ሰው ሌላ ምን ሊል ይችላል? ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው።

ልጄ ገና ዓመት ሳይሞላው የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ቀምሶ ከንፈሩ አበጠ፤ ገላው ሽፍ አለ። ሐኪሙ የምግብ አለርጂ ነው አለን። ኦቾሎኒ ከቤት ወጣ፤ ተገላገልን ብለን ነበር። ሽፍታው ግን አልተወንም። አንድ ቀን ሽሮ በልቶ ሰላም ይውላል፤ በሌላው ቀን ሽሮ በልቶ ሳማ የለበለበው ይመስላል። አንዱ ቡዳ ነው አለ፤ አንዷ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀች። እኔም፣ አልዋሽም፣ ጠበል ወስጄዋለሁ።

ሐኪሙ «የበላውን፣ የበላበትን ሰዓትና የታየበትን ምልክት በደብተር ያዢ» አለኝ። እንዲህ ያለው ቁጣ አብዛኛውን ጊዜ ከበሉ በኋላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚታየው። የደምና የቆዳ ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ በሰላም የሚበላውን ምግብ እንኳ አለርጂ አለበት ሊያሰኝ ይችላል። ስለዚህ ደብተሩን ሰባት ወር ያዝኩ። የደብተሩ ችግር ምን መሰላችሁ? የሚያውቀው እኔ የማጎርሰውን ብቻ ነው። በእኛ ሰፈር ደግሞ አንድን ልጅ በቀን ስንት እጅ ያጎርሰዋል! ሲጨንቀኝ ወተቱንም ዕንቁላሉንም በግምት ከለከልኩት፤ ልጁ ከሳ፣ ሽፍታው ግን ያው።

በመጨረሻ ያወጣችኝ አንዲት ጎረቤቴ ናት። ልጁ ገላው ተቆጥቶ ስታየው ሳትደብቅ «እኔ ነኝ ሽሮ ያጎረስኩት፤ ሽሮዬ ላይ ደግሞ አብሽ አበዛለሁ» አለችኝ። እኔ የአብሽ ሽታ ስለማልወድ ሽሮዬ ውስጥ አልጨምርም። አብሽ እንደ ኦቾሎኒ ሁሉ የጥራጥሬ ወገን ነው፤ ኦቾሎኒ የሚያስቆጣውን አንዳንድ ሰው አብሽም ያስቆጣዋል። ሆስፒታል ወስደነው በሐኪም ፊት ጥቂት በጥቂት ተቀምሶ ተረጋገጠ። ወተቱና ዕንቁላሉም በሐኪም ምክር ተመለሱለት። ያቺ ሴት ባትነግረኝ ኖሮ ሽሮንም በሙሉ እከለክለው ነበር።

እንግዲህ አንዳንዱ «በርሽን ዘግተሽ አሳድጊው» ይለኛል። እኔ በበኩሌ ይህን አልቀበልም። ልጁ ወጥቶ ይጫወት፤ ጎረቤትም ያጉርሰው። ግን ከማጉረሳችሁ በፊት ጠይቁኝ፤ ካጎረሳችሁት በኋላ ከሆነም ንገሩኝ። ሽፍ ሲልበት ደንግጣችሁ «እኔ ምንም አልሰጠሁትም» አትበሉኝ። ሰባት ወር ያስከፈለኝ ይኸ ቃል ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ስሙ ሳይሆን ወጡ ውስጥ የገባው ነው የሚያስፈልገኝ።

አብሽ ያወፍራል ብላችሁ የምታጠጡ እናቶች አትደንግጡ፤ ይህ የእኔ ልጅ ጉዳይ ነው። ጤነኛ ሕፃን የእኔን ሰምቶ ምግብ አይከልከል። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ በእንግሊዝ አገር የተካሄደ ጥናት፣ ለአለርጂ የሚያሰጉ ሕፃናት ዓመት ሳይሞላቸው ኦቾሎኒ ቢጀምሩ አለርጂው በብዙ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እርግጥ ነው፣ ቀድሞ የተቆጣ ልጅ ያለ ሐኪም አይሞከርበትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። እኔ በሌለሁበት ልጁ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ድምፁ ቢዘጋ፣ ደጋግሞ ቢያስመልሰው ወይም ቢዝለፈለፍ አትጠብቁኝ። ያረክሰዋል ብላችሁ ወተት አታጠጡት፤ የሽፍታ ኪኒንም ትንፋሹን አይከፍትለትም። ተሸክማችሁ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ሩጡና «የምግብ አለርጂ ነው» በሉ። የመጀመሪያው መድኃኒት ጭን ላይ የሚወጋ የአድሬናሊን መርፌ ነው፤ ደቂቃም ዋጋ አለው።

እስከዚያው ግን በር ላይ ቆሞ ካገኛችሁት አትሽሹት። ሙዝ ይበላል፤ ዳቦ ይበላል፤ ሽሮም አብሽ ከሌለበት ይበላል።

አንዲት የሰፈሩ እናት