ጠገራ ብር በፎቶ

ጠገራ ብር ዳንግላ ገበያ ላይ በሚዘዋወርበት ዘመን፣ ባላገሩ የንግሥቲቱን ጌጥ ነጥብ በነጥብ ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። የዛሬው ምሁር ግን በቴሌግራም ፎቶ አይቶ ገንዘቡን ይልካል። «ጥንታዊ ነው፤ 1780 ይላል እኮ!» ይለናል። ይበላ! ማርያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች፤ ከዚያ በኋላ በቪየናም፣ በሮምም፣ በለንደንም የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። ታዲያ ዓመቱ የምን ምስክር ነው? ምስክሩ ሚዛን ነው፤ እውነተኛው 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ጠርዙ ላይ የላቲን ጽሑፍ አለው፤ ማግኔት አይስበውም። ሻጩ «መጀመሪያ ቀብድ» ካለ፣ «እንጅባራ አንጥረኛ ዘንድ እንገናኝ» በሉት። ከጠፋ ተገላገላችሁ። አያቶቻችን ፊደል ሳይቆጥሩ ነጥብ ቆጠሩ፤ እኛ ፊደል ቆጥረን ነጥቡን ሳትን።