ማንቼን 1ኛ ብሎ የጻፈው ልጅ ይመለስ

ይህ የ2017 ዓ.ም. የመጨረሻው እትማችን ስለሆነ ክበባችን የስፖርት አምዱን ለእኔ ሰጥቶኛል። ርዕሱን አይታችሁ ስለ አንድ ልጅ ብቻ የምጽፍ እንዳይመስላችሁ። የምጽፈው ነሐሴ 9 ስለሚጀመረው የእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው። ማን ዋንጫ ይበላል፣ ማን ይወርዳል የሚለውን ከ1ኛ እስከ 20ኛ እገምታለሁ። ከዚያ በፊት ግን የዘንድሮውን የግምት ደብተራችንን ነገር ልናገር።

እንደምታስታውሱት መስከረም ላይ በሚኒ ሚዲያ ክፍል አንድ ደብተር ተከፍቶ የፈለገ ሁሉ ግምቱን ጻፈ። ሊጉ ግን እኛን አልጠበቀም ነበር። ትምህርት ሲከፈት 4 ጨዋታ ሄዷል። ማን ሲቲ አራቱንም አሸንፏል። ሊቨርፑል ደግሞ በገዛ ሜዳው በአንፊልድ በኖቲንግሃም ፎረስት 1 ለ 0 ተሸንፏል። ስለዚህ ግማሹ ልጅ ሲቲን 1ኛ አለ፣ ግማሹ ደግሞ የሚደግፈውን ቡድን 1ኛ አለ። ሊቨርፑልን 1ኛ ያሉት የሊቨርፑል ደጋፊዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ደግሞ ሊቨርፑል ቢወርድም 1ኛ ነው ከማለት አይመለሱም።

እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። አርሰናልን 1ኛ፣ ቶተንሃምን 4ኛ፣ ፎረስትን 18ኛ ብዬ ጻፍኩ። ውጤቱን ታውቃላችሁ። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ዋንጫውን በላ። ቶተንሃም 17ኛ ወጣ፣ ከ38 ጨዋታ 22ቱን ተሸንፎ! ፎረስት 7ኛ ሆነ። እኔ እኮ ዓመቱን ሙሉ የኳስ አዋቂ ነኝ እያልኩ የዞርኩ ልጅ ነኝ።

ሊጉ ግንቦት 17 እሁድ አለቀ። ሰኞ በእረፍት ሰዓት ደብተሩን በማይክ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የራሴን ቶሎ ቶሎ አለፍኩት። አጠገቤ የሚቀመጠው ጓደኛዬ ጋ ስደርስ ግን ቆም አልኩና በጋዜጠኛ ድምፅ «ማንቸስተር ዩናይትድ፣ 1ኛ!» አልኩ። ትንሽ ቆይቼ «ሰንጠረዡ ላይ ግን፣ 15ኛ!» አልኩ። ግቢው በሙሉ ሳቀ። ምኑም ያልገባቸው የ2ኛ ክፍል ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልጆች «15ኛው» እያሉ ይጠሩታል። ጓደኛዬ ወደ ቤት ስንመለስ ከእኔ ጋር መሄድ አቆመ። ክበቡንም ተወ። ለመጽሔታችን ሥዕል የሚስለው እሱ ነበር፤ የዚህ እትም ሽፋን ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። በደብተሩ ውስጥ ያልተሳሳተ ሰው የለም። ጓደኛዬ በ14 ደረጃ ተሳሳተ፣ እኔ በቶተንሃም በ13 ደረጃ ተሳሳትኩ። በአንድ ደረጃ ነው የምንለያየው! ሙድ የተያዘበት ግን እሱ ላይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ማይኩ እኔ እጅ ነበር። ሁላችንም ያጠፋነው ሌላ ነገር ነው። ለምን እንደዚያ እንደገመተ አንድ መስመር የጻፈ ልጅ አልነበረም። ሁሉም በልቡ ነው የጻፈው። ደጋፊነት በልብ ነው፣ ልክ ነው፤ ግምት ግን ምክንያት ይፈልጋል።

ምክንያት የነበራት እህቴ ብቻ ናት። እህቴ 10ኛ ክፍል ናት፣ ኳስ አታይም። መስከረም ላይ ቤት ቁጭ ብዬ ስጽፍ መጣችና «ዘንድሮ አዲስ የገቡት የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ። ሌስተር፣ ኢፕስዊች፣ ሳውዝሃምፕተን አልኳት። «በቃ እነሱን ከታች ጻፋቸው፤ አዲስ ገቢ ይቸገራል» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ስለ ኳስ ምን ታውቂያለሽ» ብዬ ሳቅኩባት። ሦስቱም ወረዱ። ሌስተር 25፣ ኢፕስዊች 22፣ ሳውዝሃምፕተን 12 ነጥብ ብቻ። ከደብተራችን ሦስቱንም ያገኘ አንድ ሰው የለም። እህቴ እስከ ዛሬ «እኔን ሳትጠይቅ እንዳትጽፍ» ትለኛለች።

እኔም ነገሩ ስለገረመኝ የአጎቴን ስልክ ለምኜ የድሮ ሰንጠረዦችን አየሁ። እንደ ፈረንጆቹ በ2023/24 ያደጉት ሉተን፣ በርንሌይና ሼፊልድ ዩናይትድም ሦስቱም በዓመቱ ወርደዋል። የእህቴ ሕግ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሠርቷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ግን ያደጉት ፉልሃም፣ ቦርንማውዝና ፎረስት ሦስቱም ተርፈዋል። ስለዚህ ሕጉ ጥሩ ነው እንጂ ሁሌ አይሠራም። (ይህን ለእህቴ እስካሁን አልነገርኳትም።)

አሁን ወደ ግምቴ ልግባ። 1ኛ ሊቨርፑል ነው። አዎ፣ የአርሰናል ደጋፊ ሆኜ ነው ይህን የምጽፈው፣ እጄም ትንሽ እንቢ ብሎኝ ነበር። ምክንያቴን ስሙኝ። ዘንድሮ ሊቨርፑል ስንት ጊዜ ተሸነፈ? 4 ጊዜ። አርሰናልስ? እሱም 4 ጊዜ! በሽንፈት እኩል ናቸው። ታዲያ 84 እና 74 እንዴት ሆኑ? በአቻ ነው። ሊቨርፑል 9 አቻ ሲወጣ አርሰናል 14 አቻ ወጣ። በ5 አቻ ይበልጣል ማለት ነው። አቻ 1 ነጥብ ነው፣ ማሸነፍ 3 ነጥብ ነው፤ በእያንዳንዱ አቻ 2 ነጥብ ይቀራል። 5 ሲባዛ በ2፣ 10። 74 ሲደመር 10፣ 84! ይህን በሒሳብ ደብተሬ ጀርባ ሳሰላው ደነገጥኩ። አርሰናል ዋንጫውን ያጣው ተሸንፎ ሳይሆን እየመራ ወይም እያጠቃ ጎል ማግባት አቅቶት ነው። ጄሱስ በጥር፣ ሃቨርትዝ በየካቲት ተጎድተው አማካዩ ሜሪኖ አጥቂ ሆኖ ሲጫወት አይተን የለ? ይህን እስከምጽፍበት ቀን ደግሞ እውነተኛ ጎል አግቢ አልገዛንም። ሦስት ዓመት በተከታታይ 2ኛ ወጥተናል። አጥቂ ካልተገዛ አራተኛውም 2ኛ ነው። ከተገዛ ይህን አንቀጽ በቀይ እስክሪቢቶ ሰርዙልኝ፣ ደስ ይለኛል።

ሊቨርፑል ግን እያሸነፈም ይገዛል። ዊርትዝንና ፍሪምፖንግን ከሌቨርኩሰን አምጥቷል። አሌክሳንደር-አርኖልድ ወደ ሪያል ማድሪድ መሄዱ ይጎዳዋል። ሳላህም በዚህ ወር 33 ዓመት ሞላው። ቢሆንም 29 ጎል አግብቶ 18 ያቀበለ ሰው በአንድ ክረምት አያረጅም።

ማን ሲቲን 3ኛ አድርጌዋለሁ። አራት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የበላ ቡድን ዘንድሮ የተንገዳገደው በአብዛኛው ሮድሪ መስከረም ላይ ጉልበቱን ስለተጎዳ ነው። እሱ ይመለሳል፣ ዴ ብራይነ ግን ሄዷል። 4ኛ ቼልሲ፣ ፓልመር አለ፣ ዴላፕን ገዝቷል። 5ኛ ኒውካስል፣ 6ኛ አስቶን ቪላ። እነዚህ ሁለቱ ዘንድሮም እኩል 66 ነጥብ አምጥተው በግብ ክፍያ ነው የተለያዩት፣ እኔም ከዚያ በላይ ልለያቸው አልቻልኩም።

7ኛ ማንቸስተር ዩናይትድ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ጓደኛዬ ምክንያት ስላልጻፈ እኔ ፈልጌ አገኘሁለት። ማንቼ በዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በቶተንሃም 1 ለ 0 ስለተሸነፈ በሚመጣው ዓመት አውሮፓ ውስጥ አይጫወትም። ደጋፊዎቹ በዚህ አለቀሱ። ግን አስቡት፤ ሌሎቹ ማክሰኞና ረቡዕ በአውሮፕላን ሲንከራተቱ ማንቼ ሜዳው ላይ ልምምድ ይሠራል፣ ያርፋል። በ2015/16 ቼልሲ 10ኛ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት አውሮፓ ሳይጫወት በ93 ነጥብ ዋንጫውን በላ። ሌስተር ደግሞ 14ኛ ከወጣ በኋላ በሚቀጥለው ዓመት በ81 ነጥብ ሻምፒዮን ሆነ፤ እሱም በዚያ ዓመት አውሮፓ አልነበረበትም። ከ10ኛም ከ14ኛም ተነስቶ 1ኛ የወጣ ካለ «ከ15ኛ ተነስቶ 1ኛ» ማለት እንደዚያ የሚያስቅ ነገር አይደለም ማለት ነው። በማይክ ከመናገሬ በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ ጥሩ ነበር።

ታዲያ ለምን 7ኛ ብቻ? ማንቼ ዘንድሮ በ38 ጨዋታ ያገባው 44 ጎል ነው፣ ይህ በጣም ትንሽ ነው። ኩኛን ከዎልቭስ ገዝቷል፣ እሱ ብቻውን በሊጉ 15 ጎል አለው። አሰልጣኙ አሞሪም ደግሞ የመጣው ኅዳር ላይ፣ ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ነው፤ አሁን ከክረምቱ ጀምሮ ያሠለጥናል። ስለዚህ ይሻሻላል እንጂ ለዋንጫ አይደርስም እላለሁ። የማይስማማ ካለ ምክንያቱን ጽፎ ያምጣ።

ቶተንሃምን 8ኛ ብያለሁ። ዋንጫ አምጥቶ 17ኛ የወጣ ቡድንን መገምገም ለእኔ ከባድ ነው። አሰልጣኙን አባርሮ ቶማስ ፍራንክን ከብሬንትፎርድ ወስዷል። ለዚህም ነው ብሬንትፎርድን ወደ 15ኛ ያወረድኩት። መሐሉን ቶሎ ልበል፤ 9ኛ ብራይተን፣ 10ኛ ክሪስታል ፓላስ፣ 11ኛ ፎረስት (ሁለተኛ አልሸወድም፣ 18ኛ አልልም)፣ 12ኛ ኤቨርተን፣ ከ1892 ጀምሮ የተጫወተበትን ጉዲሰን ፓርክ ትቶ አዲስ ስታዲየም ይገባል፣ 13ኛ ቦርንማውዝ፣ 14ኛ ፉልሃም፣ 16ኛ ዌስትሃም።

ከታች ነው ከእህቴ ጋር የተጣላነው። ለሚመጣው ዓመት ያደጉት ሊድስ፣ በርንሌይና ሰንደርላንድ ናቸው። እህቴ «ሦስቱንም ታች» አለች። እኔ ግን ሊድስን 17ኛ አድርጌ አትርፌዋለሁ፣ ምክንያቱም ከታች ባለው ሊግ 95 ጎል አግብቶ በ100 ነጥብ ነው ያደገው። በርንሌይም 100 ነጥብ ነበረው፣ በ46 ጨዋታ 16 ጎል ብቻ ነው የገባበት፤ ግን ላይኛው ሊግ ውስጥ በመከላከል ብቻ መኖር የሚቻል አይመስለኝም፣ 19ኛ። ሰንደርላንድ በጥሎ ማለፍ ፍጻሜ በመጨረሻዋ ደቂቃ ጎል ያደገ ነው፣ 20ኛ። ሦስተኛው ወራጅ ዎልቭስ ነው። ዘንድሮም 16ኛ ነበር፣ አሁን ደግሞ ኩኛን ለማንቼ፣ አይት-ኑሪን ለሲቲ ሸጧል። እንጀራ ከሌማቱ ሁለት ሁለቱን እያነሱበት ነው። እህቴ ልክ ከሆነች ግንቦት ላይ በማይክ ስሟን እጠራለሁ፣ ቃሌ ነው።

አዲሱን ደብተር በተመለከተ ለክበባችን ያቀረብኩት ሐሳብ ይህ ነው። እስከ መስከረም አንጠብቅ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ እንጻፍ፤ የመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ዘንድሮ አሳስተውናል። ለ1ኛው፣ ለሦስቱ ወራጆችና ለሚደግፉት ቡድን አንድ አንድ መስመር ምክንያት ይጻፍ። ግንቦት ላይ ሲነበብ ምክንያቱ አብሮ ይነበብ፤ አንባቢው መጀመሪያ የራሱን ያንብብ፣ ቀስ ብሎ። ገንዘብ አይገባበትም። ሰፈራችን ቤቲንግ የሚጫወቱ ትልልቅ ልጆች ቡድናቸው ሲያሸንፍ እንኳ ሲናደዱ አያለሁ፣ ሌላ ጨዋታ ላይ ተበልተው ማለት ነው። እንደዚያ ከሆነ ኳሱ ምኑ ይጥማል?

ደብተሩ እስከ ሰኔ 25 በሚኒ ሚዲያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ባዶ ትቼዋለሁ፣ የማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ከላይ ስለ ማንቼ የጻፍኩትን ምክንያት መገልበጥ ትችላለህ፣ የተሻለ ካለህም የራስህን ጻፍ። 1ኛ ማለት ከፈለግህም በል። ሽፋኑንም እንደ ድሮው ብትስልልን ደስ ይለናል።

የጨዋታውን ፕሮግራም አይተኸዋል? ነሐሴ 11 እሁድ፣ በኦልድ ትራፎርድ፣ ማንቼ ከአርሰናል። ቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው ስለሆነ የሆያ ሆዬ ገንዘብ አይደርስልንም፤ ግን ከአሁኑ አጠራቅማለሁ፣ የዲኤስቲቪ ቤቱን መግቢያ የሁለታችንንም እኔ እከፍላለሁ። አርሰናል ካሸነፈ ግን ዝም ብዬ እወጣለሁ ብዬ ቃል አልገባም።

ከ7ኛ «ለ» ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል