ዋና ለሴቶችም ያስፈልጋል

«ውሃ የወሰደው አረፋ ይጨብጣል» ይባላል። በሸዋ ሮቢት ወንድሞቻችን በሮቢ ወንዝ ሲዋኙ፣ እኛ ሴቶች ልጆች ከዳር ሆነን ልብስ እናጥባለን። የክረምት ጎርፍ ግን ወንድና ሴት አይለይም።

አሜሪካዊቱ አሽሊ ጆንሰን ዋና የተማረችው እናቷ «ልጆቼን ውሃ እንዳይበላቸው» ብላ ስለ ሰጋች ነበር። ኋላም የውሃ ፖሎ በረኛ ሆነች። በዚህ ጨዋታ በረኛ 3 ሜትር ስፋት ያለውን ግብ ይጠብቃል። እርሷም በ2008 ዓ. ም. በሪዮ፣ በ2013 ዓ. ም. በቶኪዮ ኦሊምፒክ ከጓደኞቿ ጋር የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለች።

እኔ ሜዳልያ አልመኝም። ነገር ግን በበጋ ውሃው ሲጎድል፣ በመምህር ጥበቃ ለሴቶችም ዋና ይሰጥ እላለሁ። አረፋ ከመጨበጥ ክንድን ማስለመድ ይሻላልና።