የውሻው እግር ሲንቀጠቀጥ ምን እንላለን?

በየግቢያችን የውሻ እግር መንቀጥቀጥ የጀመረ ዕለት ከሦስት ፍርዶች አንዱ ይሰጣል። «ብርድ ነው፣ ይለቀዋል»፤ «መርዝ በልቷል»፤ «አብዷል»። የመጀመሪያው ፍርድ ውሻውን ያስረሳዋል። ሁለተኛው ወተት ያስግተዋል። ሦስተኛው ደግሞ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ድንጋይ ያስለቅማል። ሦስቱም የሚሰጡት ውሻው በቅጡ ሳይታይ ነው።

ዛሬ ልናነሳ የፈለግነው ይህንኑ ነው። ገና ከአሁኑ «ሰው ሐኪም አጥቶ ወረፋ በሚጠብቅበት አገር ስለ ውሻ እግር ታወሩናላችሁ?» የሚለን አንባቢ እንዳለ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን አዎ፣ እናወራለን ነው። አንደኛ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀን እንስሳ ሲታመም ዞር ብሎ ማየት ሀብት አይጠይቅም። ሁለተኛ፣ ከእነዚያ እግሮች አጠገብ የሚጫወተው የእኛው ልጅ ነው። ፍትሕ ያጣ ሟች «ደመ ከልብ ሆነ» በሚባልበት አገር የውሻ ሞት ማንንም ባይከነክን አይገርመንም። የልጁ ግን ይከነክናል።

በማያስፈራው እንጀምር። ውሻ ተኝቶ እግሮቹን የሚያርገበግበው ብዙውን ጊዜ በህልሙ ነው፤ ሲጠሩት ይነቃል፣ ይቆማል፣ ነገሩም ያበቃል። ሆዱን ወይም ጎኑን ሲያኩት የኋላ እግሩ በራሱ ጊዜ አየር የሚያክከውም በሽታ ኖሮበት አይደለም። እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ቻርልስ ሼሪንግተን ከመቶ ዓመት በፊት በሰፊው ያጠናው፣ አንጎል ሳያዝዘው በህብለ ሰረሰር በኩል የሚሠራ የነርቭ ምላሽ ነው። በሐምሌ ዝናብ የበሰበሰ ውሻም ይንቀጠቀጣል። የበዓል ርችት ወይም ነጎድጓድ ያስደነገጠውም አልጋ ሥር ገብቶ ይንቀጠቀጣል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ምክንያቱ ሲወገድ ይቆማሉ። ውሻው ደርቆ፣ ሞቆት፣ ርችቱም ዝም ብሎ እግሩ መንቀጥቀጡን ካልተወ ግን «ብርድ ነው» የሚለው ፍርድ እዚያ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ምን እንይ? ስንጠራው ይሰማል ወይስ አያውቀንም? የሚንቀጠቀጠው አንዱ እግር ነው፣ ሁለቱ የኋላ እግሮች ናቸው ወይስ መላ አካሉ? ይበላል፣ ይጠጣል? ድዱ እንደወትሮው ሮዝ ነው ወይስ ገርጥቷል? ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። በእጃችን ያለው ስልክ ደግሞ ቪዲዮ ይቀርጻል። ውሻው ሐኪም ፊት ሲደርስ መንቀጥቀጡን ሊያቆም ስለሚችል፣ ያቺ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከእኛ ረጅም ማብራሪያ የበለጠ ለሐኪሙ ትነግረዋለች።

በእርጅና የሚመጣው አለ። ያረጀ ውሻ ቆሞ ሳለ የኋላ እግሮቹ ቢንቀጠቀጡ ጡንቻው ስለላላ፣ ወይም መገጣጠሚያው ስለሚያመው ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ በሰንሰለት ታስሮ የሚውልማ ሳያረጅም ጡንቻው ይደክማል። ይህ ለዛሬ ሌሊት የሚያስሮጥ ባይሆንም ሐኪም ሊያየው ይገባል። እዚህ ላይ አንድ አደራ አለን። ለወገባችን የገዛነውን ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን «ለእሱም ይሻለዋል» ብለን እንዳንሰጠው። የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱንም ሊያጠፋ ይችላል።

ሌላው ከማዕዳችን የሚመጣው ነው። የእኛ ውሻ ቀለቡ ፍርፋሪ ነው፤ ፍርፋሪያችን ደግሞ ወጥ የነካው ነው፤ ወጣችን ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይሰብራል። «አያቶቻችን ሲያበሉት ኖረዋል» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጉዳቱ የሚለካው በመጠኑና በውሻው ክብደት ስለሆነ ትንሽ የቀመሰ ሁሉ አይታመምም። ነገር ግን የበዓል ማግስት የዶሮ ወጥ ቁሌት የተገለበጠለት ትንሽ ውሻ ከቀናት በኋላ ድዱ ገርጥቶ፣ ትንፋሹ ፈጥኖ፣ እግሩ አልሸከም ብሎት ቢታይ «መርዝ የሰጠው ጎረቤት ነው» ከማለታችን በፊት ድስታችንን እናስታውስ።

አሁን ወደሚያስሮጠው እንምጣ። ቡችሎች የምታጠባ ውሻ፣ በተለይ በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ እረፍት አጥታ ስታለከልክ፣ እግሯ ግትር ብሎ ስትንቀጠቀጥ ከታየች በደሟ ያለው ካልሲየም ወርዶ ሊሆን ይችላል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላታል፤ በጊዜው ከታከመች ግን ቶሎ ትነሳለች። ጡት የተወ ትንሽ ቡችላ ሳይበላ ውሎ ቢንቀጠቀጥና ቢዝለፈለፍ የደሙ ስኳር አልቆ ሊሆን ይችላል። ያልተከተበ ውሻ ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ ሲያወጣ ሰንብቶ፣ ከዚያ አንድ እግሩ ተኝቶም ጭምር እንደ ሰዓት ቆጣሪ በየቅጽበቱ እየመታ ቢታይ ዲስቴምፐር የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነርቩ ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ከያዘ በኋላ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም። ክትባት ግን አለው፤ ቡችላው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ሲሆነው ተጀምሮ እየተደጋገመ ይሰጣል።

መርዙም ቢሆን ተረት አይደለም። ለሰብል የተሠራ ማላታይን በጥብጦ ውሻ ላይ «ለቁንጫ» ብሎ ማፍሰስ በየሰፈሩ ያለ ነገር ነው። መጠኑ የበዛበት ወይም ራሱን የላሰ ውሻ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል፣ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል። ይህን ያየ ሰው የመጀመሪያ ሐሳቡ ወተት ነው። ጎበዝ፣ ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም! የሚንፈራገጥ ውሻ አፍ ውስጥ የተጋተ ወተት ወደ ሳንባው ይገባል፤ ከመርዙ የተረፈውን ወተቱ ይገድለዋል። የመርዙን ዕቃ ወይም ወረቀቱን ይዞ ወደ እንስሳት ሐኪም መሮጥ ይሻላል። ራሱን ስቶ የሚንፈራገጥም ከሆነ በዙሪያው ያለውን ዕቃ ማራቅ፣ እጅን ከአፉ መሰብሰብና ሰዓት መያዝ ነው። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ወይም በአንድ ቀን ውስጥ ከተደጋገመ ነገ የሚባል ነገር የለም።

ሦስተኛው ፍርድ «አብዷል» ነው። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የልጃችን የሚሆነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው እብድ ውሻ ያገኘውን እየነከሰ የሚሮጠውን ነው። ሌላም መልክ አለው። እግሩ ይደክማል፣ ይንገዳገዳል፣ አገጩ ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይፈሳል፤ ማንንም ላይነክስ ይችላል። ያየው ሁሉ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። በዚህ ቫይረስ ምልክቱ ከታየበት በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከሟቾቹ ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውሻ ነው።

ስለዚህ እግሩ የሚንገዳገድና ለሃጩ የሚፈስ ውሻ ሲታይ ልጆችን ማራቅ፣ በሩን መዝጋት፣ አለመንካት፣ ሐኪም መጥራት ነው። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። አዲስ አበቤ እስከ ዛሬ «ፓስተር» የሚለው ግቢ ስሙን የወሰደው እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ ለተነከሰ ልጅ ክትባቱን ከሰጠው ሳይንቲስት ነው። ከነክሻ በኋላ በጊዜ መከተብ እንደሚያድን ከታወቀ ይኸው ከ140 ዓመት አልፎታል።

ድንጋዩስ? ድንጋዩ መልስ ይቀብራል። ሰው የነከሰ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ 10 ቀን ይታያል፤ በ10ኛው ቀን በሕይወትና በጤና ካለ፣ በነከሰ ጊዜ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር 10 ቀን አይጠብቅም። ውሻውን ወግረን ስንቀብረው ይህን የማወቂያ መንገድ አብረን ቀበርነው። የተወገረው ምስኪን ምናልባት ያጠባች እናት ወይም ማላታይን የፈሰሰበት ጠባቂ ነበር።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሻ ያለው ሰው በዓመት አንዴ የውሻውን የክትባት ቀን ያስታውስ። ወረዳዎቻችን ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ከማጥፋት ይልቅ በመከተብ ይጀምሩ፤ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ በሽታው መተላለፉ እንደሚቋረጥ የታወቀ ነው። በ2030 እ.ኤ.አ. በውሻ የሚመጣውን የሰው ሞት ዜሮ እናድርግ የሚል ዓለም አቀፍ ዕቅድም አለ። ዕቅዱ ግን በሰነድ ብቻ አይሳካም። ከየግቢያችን በር ይጀምራል።

ውሻ ሌሊቱን ሙሉ ጆሮውን ቀስሮ እኛን ሲጠብቅ ያድራል። እግሩ ሲንቀጠቀጥ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ለአሥር ደቂቃ ቁጭ ብለን እንየው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ቸር ይግጠመን!